አፍንጫዋ የጠፋው ፎቶ

(ደሴ፣ ፒያሳ፤ ረፋድ ሦስት ሰዓት። ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ ጋሽ ድንበሩ ባርኔጣቸውን እንደደፉ፣ ላፕቶፓቸውን የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ባንኮኒ ላይ ዘርግተው ከሱቁ ባለቤት ከሐያት ጋር ይሟገታሉ።)

ድንበሩ፦ እኔ አላበላሸሁትም አልኩሽ እኮ! ከማፍጠጥ በቀር ምን ነካሁት?

ሐያት፦ ታዲያ ስክሪኑ ለምን ረጠበ፣ ጋሼ?

ድንበሩ፦ እ... በእርጥብ ጨርቅ ወልወል አድርጌው ነው። ቆሻሻ መስሎኝ።

ሐያት፦ ፎቶውን አጠቡት?

ድንበሩ፦ ሳቂ፣ ሳቂ! የሚሳቅበት ሽማግሌ ካገኘሽ አትለፊው። ግን እይልኝ፤ አንድ ዓይናቸው ጆሯቸው ሥር ገብቷል፣ ግንባራቸው አረንጓዴ ነው፣ አፍንጫቸው ጭራሽ የለም። አርባ ዓመት የሰው ድንበር ለክቼ የአንዲት ሴት አፍንጫ የት እንደሚጀምር ጠፋኝ!

ሐያት፦ ማን ናቸው ደግሞ እኚህ?

ድንበሩ፦ ወይዘሮ አልጋነሽ ይባላሉ። ወልድያ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እህቴ አስተዋውቃን ስድስት ወር በኢሜይል ስንጻጻፍ...

ሐያት፦ አሃ!

ድንበሩ፦ አሃ አትበይኝ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ተነስተው ዘጠኝ ሰዓት እዚህ መናኸሪያ ይደርሳሉ። «እንዳንጠፋፋ ፎቶዬን ልኬያለሁ» ብለው ይኸው። በምን ልለያቸው? የማላውቃትን ሴት አቅፌ ስሜ በዚህ ዕድሜዬ ፖሊስ ጣቢያ ልደር?

ሐያት፦ ሲወርድ መስመር ተቋርጦበት ነው። ብሮውዘሩ ያንኑ የተበላሸውን አስቀምጦ፣ አሥር ጊዜ ቢከፍቱት አሥር ጊዜ እሱኑ ያወጣልዎታል።

ድንበሩ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም በይኛ!

ሐያት፦ እንደሱ ነው። ካሹን ላጽዳው።

ድንበሩ፦ ካሽማ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የጸዳ ነው።

ሐያት፦ ወላሂ፣ እርስዎ! ካሽ ማለት ብሮውዘሩ አሮጌ ምስል የሚያጠራቅምበት ጓዳ ነው። ይኸው ጠረግኩት። ባርኔጣዎን ግን ያውልቁ እንጂ፣ ላብዎ ጠብ ጠብ እያለ!

ድንበሩ፦ ተይው፣ ብርድ አይስማማኝም።

ሐያት፦ ብርድ ነው የሚያልብዎት? ...መጣ፣ መጣ!

ድንበሩ፦ እሰይ! አፍንጫ! ያውም ሰልካካ! ሽበታቸውን እንኳ አልሸፈኑትም... ምንም አልደበቁም።

ሐያት፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከሥሩ ጽሑፍ አለ፤ አንብበውታል?

ድንበሩ፦ የለም፣ ምስሉ ሲተረማመስ ደንግጬ ዘጋሁት። መነጽሬንም በጥድፊያ ረስቼ ነው የመጣሁት። አንብቢልኝ።

ሐያት፦ «ባለፈው ወር የላኩልኝ ፎቶ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ የደረሰኝ። እርስዎ ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን ጎፈሬውን ያበጠረ ጎረምሳ ነው። ልጄ ብዙ ቢታገልም አልስተካከል አለው። መናኸሪያ እንዳንተላለፍ እባክዎን ያሠሩልኝ።»

ድንበሩ፦ ወይ ጉዴ!

ሐያት፦ ጋሼ... የስንት ዓመት ፎቶ ነው የላኩላቸው?

ድንበሩ፦ የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተነሳሁትን። ሌላ አጣሁ እንዳልል የአሁኑ ፎቶዬ ያለበት መታወቂያ ኪሴ ውስጥ ነው። ፈራሁ፣ ልጄ። ራሰ በራ ሽማግሌ ነው ብለው ይተዉኛል ብዬ ፈራሁ።

ሐያት፦ እሳቸው ግን እውነት ተበላሽቶ መስሏቸው ነው?

ድንበሩ፦ አስተማሪ ናቸው ስልሽ! በዕድሜያቸው ስንቱን ኮራጅ ይዘዋል። እኔ ጅሉ ብሮውዘሩን ስሰድብ ነጋ፤ አሮጌ ምስል ይዞ አልለቅም ያለው ለካ እኔው ነኝ።

ሐያት፦ ታዲያ ምን ይሻላል? ሳይነሱ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል አለ።

ድንበሩ፦ እንኪ፣ ባርኔጣዬን ያዢልኝ። በስልክሽ አንሺኝ፤ በራዬን እንዳታስቀሪው። ከሥሩም «ተሠርቷል፤ እንደገና ይክፈቱት» ብለሽ ላኪላቸው።