ለሰላጣ ምጥ ያስተማረው

ይግቡ አክስቴ፣ ይግቡ። የሆስፒታል ወንበር ነው፣ ይጎረብጣል፤ ትራሱን ወገብዎ ላይ ያድርጉት። እናቴን አሁን ገና ነው ሸለብ ያደረጋት። ስኳሯ ተስተካክሏል፣ ዛሬ አውቃኛለች። ሙቀቱስ እንዴት ነው? … አንተ ወንድሜ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርገው። እዚያው ቁም፣ ነፋሻው ይስማማሃል።

ምን ልልዎት ነበር? አዎ… አንድ ሊቅ አለ። አገር ያጨበጨበለት፣ በቴሌቪዥን የታየ! እናቴ የምትወጋውን ኢንሱሊን ከሰላጣ ቅጠል የሚያወጣ። የሰውን ዘረ መል ቅጠሉ ውስጥ ይከታል፣ ሰላጣው ይታዘዝና መድኃኒቱን ይሠራለታል። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲሉ እሰማ ነበር፤ እሱ ለሰላጣ አስተማረ! አይደንቅም?

እጁስ ቢሉ! እያንዳንዱን ቅጠል ራሱ ነው በስሪንጅ የሚወጋው። አንድ አይቀደድበትም። ታዲያ… ሊቅም እናት አለው፣ እናቱም ስኳር አለባት። እህቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ስትሄድ «እስክመለስ መርፌዋን ውጋልኝ» ብትለው «መርፌ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል» አላት። ሆደ ቡቡ ነው እኮ! በኋላ ግን «እሺ» አለ። «እሺ» ማለትማ ያውቅበታል።

ሄደ መሰለዎት? ሰላጣው የሚያድግበት የመስታወት ቤት ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ልጆቹ… ሰላጣዎቹን ማለቴ ነው… በሙቀት ጠወለጉበት። እናት ትጠብቃለች፣ ሰላጣ ይጠብቃል እንዴ? ውሃ ሲያርከፈክፍ እዚያው ሰነበተ። እናትየው ዓይኗ ፈዟል፣ ራሷን መውጋት አትችልም፤ «ልጄን ከሥራው አላናጥብም» ብላ ሳትደውልለት ቀረች። ወጥ ቤት ወለል ላይ ተዘርራ ያገኘቻት ጎረቤት ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? እዚህ ላይ እንኳ… ከቅርብ ልጅም ተሻለች።

ጎረቤቲቱ ብትደውልለት «ትንፋሽ አላት?» አለ። «አላት።» «እንግዲያው ሐኪም ቤት ውሰዷት፣ እኔ ቅጠል እየለቀምኩ ነው።» ምን ይበል? ቅጠሉ የስንቱን እናት ያድናል! ለአንዲቷ ብሎ ይጠውልግ?

ወንድሜ፣ ምነው አቀረቀርክ? ስምህን ጠራሁ እንዴ? ሊቅ አልኩ እንጂ!

አይቆጡት አክስቴ፣ እኔስ እወደዋለሁ። እናቱ እንኳ ዛሬ ጠዋት ስትነቃ፣ ውሃ ስጡኝ ከማለቷ በፊት፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሰላጣው ተረፈለት?» አለች። … እኔ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

እስቲ እንመርቀው። እጁ ይባረክ። የሰላጣውን ዘር እንደወደደ ይለውጥ፣ የእሱን ዘር ግን ፈጣሪ ቅንጣት አይለውጥበት… ልጆቹ ቁርጥ እሱን ይሁኑለት። ዕድሜውን ያርዝመው፤ ሲያረጅም፣ እሱ እናቱን እንደጦራት፣ ምንም ሳያጎድሉ ይጡሩት።

አሜን ይበሉ እንጂ አክስቴ። … አንተም በል፣ ምርቃት አይናቅም።