ቀኑ ያለፈበት ዱቄት

በወጣትነታቸው ስመ ጥር ክብደት አንሺ የነበሩት አሠልጣኝ ካርቶን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ጂማቸው ሲገቡ፣ ሰላም ልትላቸው ብቅ ካለችው የእህታቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቱ የምግብ ጥራት ላቦራቶሪ ባለሙያ ነች።

«ጋሼ፣ ምን ተሸክመው ነው?»

«የሚዘጋ ሱቅ ሊጥለው ሲል ደረስኩ። የፕሮቲን ዱቄትና ባለ ለውዝ ፕሮቲን ባር ነው። ልጆቹ ውድድር ደርሶባቸዋል፤ ከልምምድ በኋላ አድላቸዋለሁ።»

አንዱን ቆርቆሮ አገላብጣ አየች። «ቀኑ ካለፈ ወራት ሆኖታል።»

«ቀን ለነጋዴ ነው፣ ልጄ። ደረቅ ነገር ምን ይሆናል? እኛ ቀን አይተን በልተን አናውቅም፤ ይኸው ቆመን እንሄዳለን።»

ቁጣ ጠብቀው ነበር። እሷ ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «በግማሹ እውነትዎን ነው» አለች። አሠልጣኙ ነገሩ አጓጓቸውና አጠገቧ አረፍ አሉ።

«እዚህ የተጻፈው ‹ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል› የሚል ነው። አምራቹ ለጣዕሙና ለጥራቱ እስከዚያ ዋስ ነኝ ማለቱ ነው እንጂ በማግስቱ መርዝ ይሆናል ማለቱ አይደለም። ‹ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ› ቢል ግን ጨዋታ የለም።»

«ታዲያ ምን ያከራክረናል?»

«ዋስትናው በደንብ ለተቀመጠ ዕቃ ነው። ይሄ የት ከረመ?»

የሱቁ ጓዳ ትዝ አላቸው፤ ግድግዳው በእርጥበት ወዝቶ ነበር። «እስቲ እንክፈታቸው» አሉ።

የመጀመሪያው እሽጉ ደህና ነው፤ ዱቄቱ እንደ ላመ አሸዋ ይፈሳል፣ ሽታውም የወተት ነው። «አላልኩሽም?» ብለው በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። የሁለተኛው እሽግ ጠርዙ ተላቅቋል፤ ውስጡ ጓጉሏል፣ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ባሩን ደግሞ ልትከለክላቸው ሳትደርስ ቀመስ አደረጉና ፊታቸውን አጨፍግገው ተፉት። ለውዙ የከረመ ዘይት ሆኗል።

«እንግዲያው ደህናውን ልስጣቸዋ፤ አሽትተን አረጋገጥን።»

«አፍንጫ የተበላሸውን ያጋልጣል እንጂ ለደህናው አይምልም፣ ጋሼ። ሽታም ጣዕምም የሌለው ጀርም አለ። እርስዎ ቢጠጡት በገዛ ሆድዎ ፈረዱ፤ እነሱ ግን የሚጠጡት እርስዎን አምነው ነው።»

አሠልጣኙ የደህናውን ቆርቆሮ ክዳን መልሰው ገጠሙ። «እኔም ልጅ ሆኜ አሠልጣኜ ያቀበለኝን ሁሉ እጠጣ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ የማላውቀውን ነገር ደህና ነው ብዬ እንዳልምል አደረግሽኝ።»

ደህናውን ለራሳቸው፣ የጓጎለውን ለማሳያ አስቀርተው ሌላውን ጣሉ። የጓጎለውን ከልምምድ በኋላ ለሠልጣኞቹ እያዞሩ አስሸተቷቸው፤ የቀኑን ትርጉም፣ የእሽጉን ነገር፣ የደረቅ ቦታን ጥቅም አስረዱ። ላብ ያፈሰሰ ሰውነት በቤት እንቁላልና ባቄላም እንደሚጠገን ነገሯቸው። እውነትም፣ መለያ ማንበብ የለመደ ሰው ደህናውን ዕቃ በከንቱ አይጥልም፤ በተበላሸውም ሆዱን አይቀጣም።

ከውድድሩ በኋላ አሠልጣኙ አዲስ ቆርቆሮ ገዝተው ለአንዷ ሠልጣኝ አቀበሏት። ልጅቱ አመስግና ወዲያው አልከፈተችውም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ፣ ከክዳኑ እስከ ሥሩ አነበበችው። አሠልጣኙም ማንኪያውን ይዘው፣ አንብባ እስክትጨርስ ጠበቋት።