የመሪጌታ ሕሩይ ጠያቂዎች

ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን የስንብት ዝግጅት ያሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። ጋቢውንም በደስታ ተቀብያለሁ። ግን እናንተዬ፣ የደባርቅን ብርድ ትቼ መተማ ልጄ ዘንድ ለምወርድ ሰው ጋቢ የሰጣችሁኝ ምን አስባችሁ ነው?

በነርስነቴ ያልሠራሁበት ክፍል የለም። አብልጬ የምወደው ግን እዚያች ጥግ ያለችውን ስልክ ነው። ልባቸውን ታመው፣ ጎንደር ታክመው የተመለሱ ሰዎችን እቤታቸው እንዳሉ በስልክ እየተከታተልን፣ እንቅስቃሴ እያሠራን እንዲያገግሙ ልንረዳ ስንነሣ፣ ገዱ፣ ምን ነበር ያልከኝ? "ሲስተር፣ ስፖርት በስልክ ይሠራል እንዴ?" እውነትህን ነበር። የኮሶዬውን ታካሚ "ዳገት እንዳይወጡ" ስላቸው፣ እያለከለኩ "ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ እኮ ነው የማዋራሽ" አሉኝ።

ያስጨነቁኝ ግን ዳባት አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ሕሩይ ናቸው። ቀስ በቀስ እንዲራመዱ ሐኪሙ አዟል። እኔ ስደውል ባለቤታቸው እትዬ አበባየሁ ያነሣሉ። "ተኝተዋል።" በማግሥቱም "ተኝተዋል።" አልፎ አልፎ እሳቸውን ሳገኛቸው ደግሞ ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ፈራሁ። እየሰማሁ የሚሞቱብኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን እትዬ አበባየሁን አጥብቄ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል" አሉኝ። "አገር ምድሩ 'እግዜር ይማርዎ' ሊል ከየደብሩ ሲመጣ፣ እሳቸው ደጅ ሲንጎራደዱ ቢያገኛቸው ምን ይላል? ደኅና ሰው ልንጠይቅ ነው እንዴ የደከምነው አይልም?"

ለካ መሪጌታን አልጋ ላይ ያዋላቸው ይሉኝታ ነው! ጠያቂ ሲገባ ይጋደማሉ፤ እሱ ሳይወጣ ሌላው ይደርሳል። ይህን በየትኛው ሥልጠና ላይ ነው የሚነግሩን?

"እስቲ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ጠያቂዎቹ መሐል ያስቀምጡልኝ" አልኳቸው። ከዚያ ለጠያቂዎቹ፣ "ወገኖቼ፣ የመሪጌታ መድኃኒታቸው መራመድ ነው። ከእንግዲህ እሳቸውን የሚጠይቅ ሰው፣ አብሮ እየሄደ ይጠይቅ" አልኩ። አንድ ቄስ፣ "በሉ ተነሡ፤ መቋሚያቸውን አቀብሏቸው" ሲሉ ሰማሁ።

መሪጌታ በጠያቂ ታጅበው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲመላለሱ ያየ መንገደኛ፣ "የማን ሠርግ ነው?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ዛሬ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ቅኔ ያስተምራሉ። በቀደም ደውለው ሲመርቁኝ፣ ያ ሰልሎ የነበረ ድምፅ ጎልቶ ስሰማው አለቀስኩ።

አሁን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። የአምባ ጊዮርጊሷ እህል ነጋዴ ወይዘሮ ጥበብ ትናንት ከጎንደር ተመልሰዋል። ከአልጋ ለመውረድ ፈርተዋል። "ሰኞ ይደወልልዎታል" ብላቸው፣ "አንቺ ከሄድሽ ማን ይደውላል?" አሉኝ። በእኔ ቦታ የተተካ ሰው የለም። ሁላችሁም ሥራ እንደበዛባችሁ አውቃለሁ። ግን እኚህ ሴት ስልካቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ። ማን ነው የሚደውልላቸው?

...ዓለምብርሃን፣ እጅህን ነው ያነሣኸው ወይስ ዝንብ እያባረርክ ነው?

እሰይ የእኔ ልጅ! ክፉ አይንካህ። እንግዲያው ስትደውል አስቀድመህ እቤት ማን እንዳለ ጠይቅ፤ ከእሳቸው በፊት ዘመዶቻቸውን አግባባ።

በሉ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ የተመኛችሁትን ሁሉ ያሳካላችሁ። ታሞ ከመተኛት ይሰውራችሁ፤ የታመማችሁ ዕለት ደግሞ አስነሥቶ አብሯችሁ የሚራመድ ሰው አያሳጣችሁ። ደኅና ሁኑልኝ።