የዐሥራ አራት ቁጥር ደም

አንድ የምርምር ጣቢያ፣ ጠዋት፤ ክትባት የተወጉ ጦጣዎች የትኞቹ ጂኖቻቸው እንደነቁ ከደማቸው የሚያነበው መሣሪያ ውጤቱን አውጥቷል፤ ዶክተር ረድኤት ወረቀቱን፣ የጦጣዎቹ ጠባቂ ጋሽ ዘርጋው ባልዲያቸውን ይዘው ቆመዋል።

ረድኤት፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅዎት፣ ጋሽ ዘርጋው። ክትባቱ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን ደም የወሰዱት ከማን ነው?

ዘርጋው፦ ሦስተኛ ጊዜ ልንገርሽ፤ ከዐሥራ አራት ቁጥር። ቱቦው ላይ ተጽፏል።

ረድኤት፦ የጻፉት እርስዎ ነዎት።

ዘርጋው፦ ጽሑፌ አይነበብም?

ረድኤት፦ ይነበባል። ግን ዐሥራ አራት ቁጥር ሴት ናት። እዚህ ደም ውስጥ ወንድ ላይ ብቻ የሚሠሩ ጂኖች እየሠሩ ነው።

ዘርጋው፦ መሣሪያው የሚያየው ክትባቱ የቀሰቀሰውን ነው ብላችሁን አልነበር?

ረድኤት፦ እሱ ሁሉን ያያል። የምንፈልገውን ብቻ የምናየው እኛ ነን።

ዘርጋው፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ሦስት ሳምንት መቆየቱም ደግ ነው። የዘጠኝ ቁጥር ደም ነው።

ረድኤት፦ ለምን?

ዘርጋው፦ ጠዋት ጠዋት አፏጫለሁ፤ በፍርግርጉ ክንዷን ታወጣለች፤ እወጋታለሁ፤ ሙዝ እሰጣታለሁ። ያን ቀን አተኩሷት ነበር። ባፏጭ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዘጠኝ ቁጥር ሳልጠራው ክንዱን አወጣ። ለሙዙ ነው።

ረድኤት፦ በግድም ቢሆን መያዝ ነበረብዎት። ደንብ አለ።

ዘርጋው፦ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዣለሁ። ያን ቀን እጄ አልሄደልኝም። ያዘንኩም አይመስለኝ።

ረድኤት፦ ይስሙኝ። ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር ትናንት ሲጠይቁኝ እያጣራሁ ነው አልኳቸው። ቱቦው ተሰበረ ብዬ ልጽፍ እችላለሁ። አንድ ቱቦ ቢጎድል ጥናቱ አይፈርስም። እርስዎም የቀረችዎትን ስምንት ወር ጨርሰው ጡረታ ይወጣሉ።

ዘርጋው፦ እሷስ?

ረድኤት፦ እንደታቀደው ነዋ። ዓርብ በመርፌ ትተኛለች፤ ጣፊያዋ ይወሰዳል። አትነቃም።

ዘርጋው፦ እውነቱ ከተጻፈስ?

ረድኤት፦ ደሟ በሌላ ደም የተተካ እንስሳ ከጥናቱ ትወጣለች። እሷ ወደ ትልቁ ግቢ፣ ከመንጋው ጋር፤ እርስዎ ከሥራ።

ዘርጋው፦ መንጋው ይቀበላታል?

ረድኤት፦ እንጃ። ይነክሷትም ይሆናል። ጋሽ ዘርጋው፣ ጦጣ ናት እኮ። በነጋታው ትረሳዎታለች።

ዘርጋው፦ እኔም ስም አላወጣሁላትም።

ረድኤት፦ ዝንጀሮ እንኳ «ቅድሚያ የመቀመጫዬን» ነው ያለችው። ለራስዎ ያስቡ።

ዘርጋው፦ ለራሴ አስቤ ነው። ዓርብ ሄዶ የሚያፏጭላት ማነው?

ረድኤት፦ እርስዎ።

ዘርጋው፦ ክንዷን ብትሰጠኝስ?

ረድኤት፦ …ቱቦው ተሰበረ ልበል፣ አልበል?

ዘርጋው፦ አልተሰበረም በይ። የምፈርመው የት ጋ ነው?