ግድግዳውን የሚደበድበው እጅ

ቡራዩ ያለችው የመለማመጃ ክፍላችን ከኦቦ ቶሎሳ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። አምስት ሆነን ፈንክና ጃዝ እንጫወታለን፤ ሰበታ ሰርግ፣ ሱሉልታ ሆቴል፣ የጠራን ቦታ ሁሉ አለን። ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ልክ ዘፈኑ ሞቅ ሲል ያ ግድግዳ ይደበደባል። ተሳቅቀን ድምፅ እንቀንሳለን፤ ድብደባውም ይቆማል።

ባለፈው የኦቦ ቶሎሳ ባለቤት አረፉ። አርባቸው እስኪወጣ መሣሪያ ላንነካ ተስማማን። አንድ ቀን ከድራመራችን ጋር ልንጠይቃቸው ብንገባ፣ "ኢጆሌ፣ ተበተናችሁ እንዴ?" አሉን።

"ኧረ ሐዘንዎን አክብረን ነው። ድሮም ስንረብሽዎት ነው የኖርነው" አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። "እኔ መቼ ተናገርኳችሁ? ግድግዳውን የምትመታው እሷ ነበረች። ከአልጋ መነሣት ካቃታት ወዲህ የምትጨፍረው በእጇ ነበር። 'ምነው እኔ ስጀምር ይቀንሳሉ?' እያለች ታዝንባችሁ ነበር።"

በጆሯችን የምንኖር ሰዎች! ከግቢው ስንወጣ ድራመራችን ያንን ግድግዳ ቆሞ አየው።

"አንድ ቀን እንኳን ምት ስተው አያውቁም እኮ" አለኝ።