ጋሽ ጸጋይ የተቆጡ ዕለት

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ የጭነት መኪና አንድ ብስክሌተኛ ገጭቶ ጣለ። እኔ መምህር ነኝ፤ ቆሞ መመልከት አይሆንልኝም። ቁስለኛውን አምቡላንስ ይዘው ከመጡት ሠራተኞች ጋር ተሸክሜ ቦሌ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ገባሁ። የጤና ጣቢያው ተረኞች ሁለት ነበሩ፤ ቁስል በማከም ሃያ ዓመት ያገለገሉት ድሬሰር ጋሽ ጸጋይና ከሥነ ምግባር ሥልጠና በቅርቡ የተመለሰችው ነርስ ምንትዋብ።

የቁስለኛው የእሸቴ ሚስት፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ አደጋውን ሰምተው ደረታቸውን እየደቁ ተከትለውን ደረሱ። ጋሽ ጸጋይ ገፍትረው አስወጧቸውና በሩን ቀረቀሩት።

«ወዲያ! ልቅሶ ቤት አደረጋችሁብን እኮ!»

ሴትዮዋ በሩን ይደበድቡ ጀመር። ጋሽ ጸጋይ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ቀዱ። እሸቴ ዓይኑን ከመግለጥ በቀር ቃል አይወጣውም።

«ጋሽ ጸጋይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጀመሪያ ባለቤቱን እንጠይቃቸው፤» አለች ምንትዋብ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ! ዘመድ እላዩ ላይ ተደፍቶበት እጄ ላይ የሞተውን ሰው አንቺ አላየሽም። ሰው ካልተቆጡት አይሰማም!»

«መጨናነቁን መከልከልዎ ልክ ነው። ግን አሁን ተቆጥተዋል። ደም ሲፈላ እጅን ከሕመምተኛው አንስቶ አንዴ መተንፈስ፣ ከዚያ መጠየቅ ነው የተማርነው።»

«ይሄ ሰው እኔ እስክተነፍስ ይጠብቀኛል?»

«አንድ ትንፋሽ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በጋሽ ጸጋይ በግኜ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ምንትዋብ ቀድማኝ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ጋሽ ጸጋይ ጮኹባት። እሷ ግን ድምጿን ሳታነሳ የሴትዮዋን ሁለት እጆች ያዘች።

«እትዬ፣ ለባለቤትዎ ሲሉ አንዴ ይረጋጉልኝ። የማይስማማቸው መድኃኒት አለ?»

«እሱን ነው እኮ የምጮኸው! ዓምና ሚስማር ሲወጋው የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወግተውት ትንፋሹ ጠፍቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሁለተኛ እንዳይነካው ብለውታል!»

ጋሽ ጸጋይ መርፌውን ሳህን ላይ አስቀምጠው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። የእሸቴ ቁስል በሚገባ ታጥቦ ሌላ መድኃኒት ተሰጠው፤ ከሳምንት በኋላም በእግሩ ቤቱ ገባ።

አንባቢ ሆይ፣ ቁጣን መግታት ለጨዋነት ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የሕመምተኛውን ነገር የሚያውቀው ዘመዱ ነው፤ ዘመዱን ያባረረ ባለሙያ ዓይኑን ጨፍኖ ያክማል። ያዳመጠ ግን ሕመምተኛውንም ራሱንም ያተርፋል።

የዚያኑ ዕለት ጋሽ ጸጋይ ከወንበራቸው ተነሥተው ወይዘሮ የሻሽወርቅን ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥሎም ምንትዋብን፣ «የሚመጣው ሥልጠና መቼ ነው?» አሏት።

«ሰኞ፣ ጋሼ።»

«መዝግቢኝ፤» አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳባርር ኖሬያለሁ፤ ከእነዚያ ሁሉ ውስጥ ስንቷ ይሆን ይህንኑ ልትነግረኝ ስትጮህ የነበረችው?»