ጋቢ የለበሰ የባህር ውሃ

ለባህር ዓሣ የሚሆን የመስታወት ገንዳ ገዝቼ ነበር። የምኖርባት ሚኒሶታ ሐይቅ እንጂ ባህር የላትም፤ ስለዚህ የማውቀው የከባድ መኪና ሾፌር ከፍሎሪዳ ሲመለስ አምስት ጋሎን ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ አመጣልኝ። እኔ ሳላነብ የማደርገው ነገር የለም፤ የገንዳው መመሪያ ውሃው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ጨለማ ውስጥ ይሰንብት ስለሚል፣ ከማርያም ሥዕል ሥር ጥግ ላይ ደርድሬ ጋቢ አለበስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከታች ፎቅ የምትኖረው ጽጌ በስህተት እሷ ፖስታ ሳጥን የገባ ደብዳቤዬን ይዛ መጣች። በአራት ዓመት ውስጥ ደጄን ስታንኳኳ የመጀመሪያዋ ነው። ከጋቢው ሥር ብቅ ያሉትን ጋሎኖች ስታይ ጫማዋን አወለቀችና አማተበች።

«እትዬ፣ ጠበል እያለዎት ዝም ይላሉ? እኔ በወገቤ እየተሰቃየሁ!»

አፌን ሳልከፍት ክዳኑን ከፍታ በመዳፏ ቀዳችና ተጎነጨች። ፊቷ ተጨማደደ።

«ኃይለኛ ነው! ጨው ጨው ይላል። ነገም በባዶ ሆዴ እመጣለሁ።»

ነገ እመጣለሁ! ይህን ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ዝም ብል በየማለዳው ትመጣልኝ ነበር። ግን ዕድሜዬን ሁሉ ሰውን በውሸቱ ስቀየም የኖርኩ ሴት ነኝና አልቻልኩበትም።

«ጽጌ፣ የባህር ውሃ ነው። ለዓሣ ነው ያስመጣሁት።»

አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለዓሣ? ሰው ጠፍቶ ነው ዓሣ የሚያስቀምጡት?»

«አዎ፣ ጠፍቶ» አልኳት። እሷ ግን ጫማዋን እያጠለቀች ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ነበርና የሰማችኝ አይመስለኝም።